የፈረንሳይኛን ግስ በጆሮ መክፈል፦ የቱ ፊደል ይሰማል፣ የቱ ዝም ይላል?

ፈረንሳይኛ የጀመረ ሰው ሁሉ የሚደናቀፍበት አንድ ቦታ አለ። የግስ ሰንጠረዡን ይከፍታል። ስድስት መስመር ያያል። መጨረሻቸው ላይ ያለው ፊደል ይለያያልና ስድስቱንም ለየብቻ ለማንበብ ይታገላል፦ ‹ፓርል፣ ፓርልስ፣ ፓርል፣ ፓርሎንስ፣ ፓርሌዝ፣ ፓርለንት›። የሚሰማው ፈረንሳዊ ግን ግራ ይገባዋል። እሱ ዘንድ ከስድስቱ አራቱ ፍጹም አንድ ድምፅ ናቸው።

እዚህ የማሳያችሁ ያንን ሰንጠረዥ በጆሮ እንዴት እንደምታነቡት ነው። ግሱን በቀለም እንከፍለዋለን፣ የሚሰማውን ከማይሰማው እንለያለን። ‹ቀለም› ስል ሲሌብል የሚባለውን ማለቴ ነው፤ አንድ አናባቢ ይዞ ባንድ ጊዜ ከአፍ የሚወጣ የድምፅ ቁራጭ። ‹ሰላም› ሁለት ቀለም አለው፦ ሰ-ላም።

ስለ አጻጻፌ ትንሽ ልበል፣ አለዚያ ኋላ እንጣላለን። የፈረንሳይኛ ፊደሎችን የምጠራው ሁላችንም በለመድነው በእንግሊዝኛ ስማቸው ነው፤ ኤ፣ ኢ፣ ኤን፣ ቲ እያልኩ። ቀለም ከቀለም የምለየው በጭረት ነው። አናባቢው በአፍንጫ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ከኋላው ይቺን ምልክት አደርጋለሁ፦ ~። ስለዚህ ‹ሎ~› ስታዩ ‹ሎን› ብላችሁ ምላሳችሁን ጥርስ ላይ አታሳርፉ። ‹ሎ› በሉና አየሩን ግማሹን በአፍንጫ ልቀቁት፣ በቃ። ‹ን› የለችም።

ሌላም አለ። በፈረንሳይኛ ‹ዩ› የተባለችው ፊደል አማርኛ ውስጥ የሌለ ድምፅ አላት። ከንፈራችሁን ‹ኡ› ለማለት አሹሉና ሳታነቃንቁት ‹ኢ› በሉ። የሚወጣው እሱ ነው። ‹ሹል ኡ› እለዋለሁ። ‹አር›ን ደግሞ ፈረንሳዮች ከጉሮሮ ነው የሚያወጧት፣ ወደ ‹ኸ› ጠጋ ትላለች። በእኛ ‹ር› ብትሏትም ይገባቸዋል። እሷን እስክታስተካክሉ ግሱን ማሳደር የለባችሁም።

መጀመሪያ ዓይንን ማሳመን

ፈረንሳይኛ ሲጻፍ የሚያሳየው የቀለም ብዛትና ሲነገር የሚሰማው የቀለም ብዛት ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። ይሄ ለአማርኛ አንባቢ አዲስ ነገር አይደለም። ‹ምርት› የሚለውን ቃል እዩት። ሦስት ፊደል ነው፣ ሦስቱም ሳድስ። ግን ማንም ‹ምእ-ርእ-ትእ› አይልም፤ ባንድ ቀለም ‹ምርት› ብሎ ያልፋል። ሳድሷ አንዳንዴ ‹እ› ትላለች፣ አንዳንዴ ዝም ትላለች፣ የቱ ጋ ምን እንደምትል ማንም አስተማሪ ቁጭ አድርጎ አልነገረንም፣ ጆሯችን ነው የሚያውቀው። የፈረንሳይኛዋ ‹ኢ› የተባለችው ፊደል፣ በተለይ ያለ ምልክት ስትጻፍ፣ ልክ እንደዚህች ሳድስ ናት። ትጻፋለች፣ አንዳንዴ ትሰማለች፣ አብዛኛውን ጊዜ ትዋጣለች።

‹ፓርሌ› ማለት መናገር ነው። ‹እናገራለሁ› ለማለት ‹ፒ፣ ኤ፣ አር፣ ኤል፣ ኢ› ብለን እንጽፋለን። በጽሑፍ ሕግ፣ ቃሉ መስመር መጨረሻ ላይ አልገባ ሲል ቆርጠን ቀሪውን ወደ ታች ብናወርደው፣ ሁለት ቀለም ነው። በአፍ ግን ‹ፓርል› ብቻ ነው፣ አንድ ቀለም።

መፈተኛው ቀላል ነው። እጃችሁን ከአገጫችሁ ሥር አድርጉና ቃሉን በሉ። አገጫችሁ ስንቴ ወረደ? አናባቢ በተሰማ ቁጥር ይወርዳል። ‹ፓርል› ላይ አንዴ። ‹ፓር-ሎ~› ላይ ሁለቴ። ‹ፓርል› ላይ ሁለቴ ከወረደ ‹ፓ-ርእል› ብላችኋል ማለት ነው፤ አፋችን ሁለት ተነባቢ አጠገብ ላጠገብ ሲያገኝ ‹እ› ሊያስገባ ይቸኩላል። በተለይ ቃል መጀመሪያ ላይ። ‹ፕራ~› (‹እወስዳለሁ›) የሚለውን ‹ፕእ-ራ~› የማይል ጀማሪ አላየሁም። መድኃኒቱ ‹ፕ› እና ‹ር›ን እስኪጣበቁ ድረስ በዝግታ ደጋግሞ ማለት ነው፣ ሌላ ብልሃት የለውም።

ቀጥሎ፣ ቢላው የት ያርፋል?

የፈረንሳይኛ ቀለም በአናባቢ ማለቅ ይወዳል። ስለዚህ በሁለት አናባቢ መሃል አንድ ተነባቢ ካለ፣ ተነባቢው ወደሚቀጥለው ቀለም ይሄዳል። ‹መጨረስ› የሚለው ፊ-ኒር ነው እንጂ ፊን-ኢር አይደለም። ተነባቢዎቹ ሁለት ከሆኑ ይካፈላሉ፦ ፓር-ሌ፣ ፓር-ቲር (መሄድ)፣ ሶር-ቲር (መውጣት)። ግን ሁለተኛዋ ‹ር› ወይም ‹ል› ከሆነችና ፊቷ ያለው እንደ ‹ፕ፣ ብ፣ ት፣ ድ፣ ክ፣ ግ፣ ፍ፣ ቭ› ዓይነት ከሆነ አይለያዩም፣ ተያይዘው ወደ ቀጣዩ ይገባሉ፦ ‹መክፈት› ኡ-ቭሪር ነው፤ ‹መግባት› አ~-ትሬ።

ድርብ ፊደል ላይ ጽሑፍና አፍ ይጣላሉ። ‹መስጠት› ‹ዶኔ› ነው፣ በሁለት ‹ኤን› ይጻፋል። መስመር ላይ የሚቆርጠው ሰው በሁለቱ ‹ኤን› መሃል ይቆርጣል። አፍ ግን የሚያውቃት አንዷን ነው፦ ዶ-ኔ። እኛ አማርኛ ማጥበቅ ስለለመድን ድርብ ፊደል ባየን ቁጥር እናጠብቃለን። እዚህ አታጥብቁ። ላልቶ ነው የሚነበበው። የምታጠብቁበት አንድ ቦታ አለ፣ ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

የግሱ ጅራት

ዋናው ጉዳይ እዚህ ነው። ጊዜ ካላችሁ ይቺን ክፍል ሁለቴ አንብቧት።

ከፈረንሳይኛ ግሶች 90 በመቶ ያህሉ በ‹ኢ-አር› የሚያልቁት ናቸው፣ እንደ ፓርሌና ዶኔ ያሉት። በአሁን ጊዜ ሲረቡ የሚሰሙት እንዲህ ነው፦

ዠ ፓርል፣ ቱ ፓርል (‹ቱ› በሹል ኡ)፣ ኢል ፓርል፣ ኑ ፓር-ሎ~፣ ቩ ፓር-ሌ፣ ኢል ፓርል።

የመጀመሪያው ‹ኢል› እሱ ነው፣ የመጨረሻው እነሱ። በጽሑፍ የ‹እነሱ› ‹ኤስ› ታክላለች፣ ግሱም ‹ኢ-ኤን-ቲ› ይጨምራል። ጆሮ ጋ የሚደርስ ነገር ግን የለም። ‹ይናገራል› እና ‹ይናገራሉ› እኩል ናቸው። ፈረንሳዊው ራሱ የሚለየው ከወሬው ነው። ስለዚህ ሰሚ ሆናችሁ መለየት ካቃታችሁ ችግሩ እናንተ ጋ አይደለም።

ከዚህ ሦስት ነገር ያዙ። በ‹ኢ›፣ በ‹ኢ-ኤስ› እና በ‹ኢ-ኤን-ቲ› የሚያልቅ የግስ ጅራት አይሰማም። በ‹ኦ-ኤን-ኤስ› የሚያልቀው ሁልጊዜ ‹ኦ~› ነው፣ ‹ኤስ›ዋም ዝም። በ‹ኢ-ዜድ› የሚያልቀው ‹ኤ› ነው፣ ‹ዜድ›ዋ ጌጥ ናት።

አሁን ደግሞ ጅራቶቹ እርስ በርስ ሲመሳሰሉ እዩ። ‹መናገር›፣ ‹ትናገራላችሁ› እና ‹አቯር› ከሚባለው ረዳት ግስ (‹አለው› እንደምንለው) ጋር ሲሆን ‹ተናግሬአለሁ› የሚሰጠው ቅርጽ (ላይዋ ላይ ጭረት ባላት ‹ኢ› የሚያልቀው) ሦስቱም ‹ፓር-ሌ› ናቸው። አንድ ድምፅ፣ ሦስት አጻጻፍ። ፈረንሳይ ውስጥ ተወልደው ያደጉ ልጆች ድርሰት ሲጽፉ የሚሳሳቱት ለዚህ ነው፣ ጆሯቸው አይረዳቸውም። እኛ ቢያንስ በዓይን ነው የተማርነው።

‹እናገር ነበር› የሚለው ጊዜ ደግሞ አራት ሰው አንድ ላይ ያነሳል። ለእኔና ለአንተ ‹ኤ-አይ-ኤስ›፣ ለእሱ ‹ኤ-አይ-ቲ›፣ ለእነሱ ‹ኤ-አይ-ኢ-ኤን-ቲ› ነው የሚጻፈው። አምስት ፊደል! የሚሰማው አንድ ሰፋ ያለ ‹ኤ› ነው። አፋችሁን ከ‹ፓርሌ› ትንሽ ከፈት አድርጉ፣ ወደ ‹ኧ› እንደመሄድ። በፓሪስ አነጋገር ‹ፓርሌ› ጠባቧ ተናግሮ ነው፣ ‹ፓርሌ› ሰፊዋ ይናገር ነበር። ደቡብ ፈረንሳይ ግን ቃል መጨረሻ ላይ ሁለቱን ብዙዎች አይለዩአቸውም፣ ሁለቱንም ጠባብ ያደርጓቸዋል። ስለዚህ በዚህ እንቅልፍ አትጡ።

ፓሴ ሳምፕል ስለሚባለው ጊዜ ብዙ አልልም፤ ልብ ወለድና ታሪክ መጽሐፍ ላይ እንጂ ቡና ቤት አይሰማም። ‹ተናገሩ› እዚያ ላይ ‹ፓር-ሌር› ነው፣ መጨረሻው ‹ኢ-ኤን-ቲ› አሁንም ዝም።

የ‹ኢ-ኤን-ቲ› ወጥመድ

እንግዲህ አንዴ ‹ኢ-ኤን-ቲ› አይነበብም የሚል ሕግ ስንማር ሁሉ ቦታ ዝም ማሰኘት እንጀምራለን። ቆዩ። ዝም የሚለው ‹እነሱ› የሚል ባለቤት ይዞ በግስ ጅራትነት ሲመጣ ብቻ ነው።

ፈረንሳዮች ራሳቸው የሚቀልዱባት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። ‹የገዳሙ ዶሮዎች ይታቀፋሉ› የምትል ናት፣ እንቁላል መታቀፍ። በፈረንሳይኛ ‹ገዳም› እና ‹ይታቀፋሉ› ፊደል በፊደል አንድ ናቸው፣ ሁለቱም ‹ሲ-ኦ-ዩ-ቪ-ኢ-ኤን-ቲ›። ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሲነበቡ ግን፦ ሌ ፑል ዱ ኩ-ቫ~ ኩቭ (‹ዱ› በሹል ኡ)። ገዳሙ ስም ስለሆነ ሁለት ቀለም አለው፣ መጨረሻውም በአፍንጫ ይወጣል። ግሱ አንድ ቀለም ነው፣ ጅራቱ ተቆርጧል። ዓይናችሁ ከማንበቡ በፊት ‹ይሄ ግስ ነው ወይስ ስም?› ብላችሁ ጠይቁ።

ሌላው ወጥመድ ራሱ ግሱ ውስጥ ነው። ‹ይመጣል› ‹ቭዬ~› ነው፣ በ‹ኢ-ኤን-ቲ› ነው የሚያልቀው። ‹ይዋሻል› ‹ማ~› ነው፣ ‹ያሸታል› ‹ሳ~›። እዚህ ‹ኢ-ኤን› የግሱ አካል ናት፣ የነጠላው ጅራት ‹ቲ› ብቻ ናት። ስለዚህ ባለቤቱ ‹እሱ› ወይም ‹እሷ› ከሆነ የአፍንጫው ድምፅ ይሰማል። ‹ይመጣሉ› ሲሆን ደግሞ ‹ቭዬን› ይሆናል፤ አፍንጫው ይዘጋል፣ እውነተኛ ‹ን› ይመጣል።

የተደበቀው ተነባቢ ሲወጣ

ከ‹ኢ-አር› ውጭ ያሉ ግሶች ያስቸግራሉ ይባላል። በጽሑፍ አዎ። በጆሮ ግን እነሱ ይሻላሉ፣ ምክንያቱም እሱና እነሱ ይለያዩባቸዋል። እነዚህን ጮክ ብላችሁ በሉ፦

ኢል ፊ-ኒ፣ ኢል ፊ-ኒስ (ይጨርሳል፣ ይጨርሳሉ)
ኢል ሜ፣ ኢል ሜት (ያስቀምጣል፣ ያስቀምጣሉ)
ኢል ሊ፣ ኢል ሊዝ (ያነባል፣ ያነባሉ)
ኢል ዶር፣ ኢል ዶርም (ይተኛል፣ ይተኛሉ)
ኢል ቫ~፣ ኢል ቫ~ድ (ይሸጣል፣ ይሸጣሉ)
ኢል ፕራ~፣ ኢል ፕሬን (ይወስዳል፣ ይወስዳሉ)

አስተዋላችሁ? ‹እነሱ› ላይ አንድ ተነባቢ ብቅ ይላል። የቀለሙ ብዛት ግን አልጨመረም፤ ዶር አንድ ቀለም ነው፣ ዶርምም አንድ ነው። ፈረንሳይኛ ቃል መጨረሻ ላይ ያለ ተነባቢ ብዙ ጊዜ አይሰማም። የማትነበበው ‹ኢ› ከኋላው ስትቆም ግን ተነባቢው ይሰማል። እሷ ራሷ ድምፅ የላትም፣ ሥራዋ ፊቷ ያለውን ማስጮህ ነው።

ስለዚህ ግስ ስታጠኑ ከነጠላ ወደ ብዙ አትሂዱ። ከብዙው ጀምሩ። ‹ፊኒስ› ካወቃችሁ መጨረሻውን ቆርጣችሁ ‹ፊኒ› ታገኛላችሁ። ‹ዶርም› ብላችሁ ‹ም›ን ጣሉ፣ ‹ዶር› ነው። ሰንጠረዡ ከላይ ወደ ታች ስለተጻፈ ብቻ በዚያ መንገድ ማጥናት የለብንም፣ እኔ እንደውም ‹እነሱ›ን ከላይ አድርጌ ነው የምጽፈው። እንደ ‹ያያል› ያሉት ደግሞ ምንም የሚያስወጡት ተነባቢ የላቸውም፣ ‹ቭዋ› ለእሱም ለእነሱም እኩል ነው።

መሃል ላይ የምትዋጠው ‹ኢ›

ጅራቷ ላይ ያለችውን ጨረስን። ቃሉ መሃል ያለችው የበለጠ ተንኮለኛ ናት። ስትሰማ በእኛ ግዕዝ ድምፅ ናት፣ ‹ለ፣ ነ፣ ረ› እንደምንለው፣ ከንፈርን ትንሽ ሾል አድርጎ። ስትዋጥ ደግሞ ቀለሙን ይዛ ትጠፋለች።

‹መግዛት›ን እንውሰድ። በጽሑፍ አ-ሸ-ቴ፣ ሦስት ነው። በአፍ አሽ-ቴ፣ ሁለት። ‹እንገዛለን› አሽ-ቶ~። ‹እገዛለሁ› ላይ ስንደርስ ግን ‹ዣ-ሼት› ይሆናል። ምን ተፈጠረ? የጅራቷ ‹ኢ› ስለተዋጠች የመጨረሻው ቀለም ‹ሼት› ሆነ፣ በተነባቢ ተዘጋ። በተዘጋ የመጨረሻ ቀለም ውስጥ ደግሞ ያቺ ደካማ ‹ኢ› መቆም አትችልም፣ ሰፊ ‹ኤ› መሆን አለባት። ለዚህ ነው ላይዋ ላይ ወደ ግራ ያዘነበለች ጭረት የሚያደርጉላት። ‹መጥራት› ላይ ያው ታሪክ ነው፣ መፍትሔው ብቻ ተለየ፦ ኑ-ዛ-ፕሎ~ (እንጠራለን)፣ ዣ-ፔል (እጠራለሁ)። እዚህ ጭረት በማድረግ ፈንታ ‹ኤል›ን ደረቡት። ጭረቷንና ድርብ ፊደሏን እንደ ሁለት የተለያዩ ሕጎች የሚያስተምሩ አሉ። በጆሮ አንድ ሕግ ነው።

የ‹ኢ-አር› ግሶች ትንቢት ጊዜ ላይ ደግሞ ‹ኢ› መሃል ትገባለች። ‹እሰጣለሁ› በጽሑፍ ዶ-ነ-ሬ ነው፣ በአፍ ዶን-ሬ። ‹እናገራለሁ› ግን ፓር-ለ-ሬ ሆኖ ይቀራል። ለምን አንዷ ተዋጠች ሌላዋ ቀረች? ‹ፓርለሬ› ላይ ብንውጣት ‹ር-ል-ር› የሚባሉ ሦስት ተነባቢዎች ተደርድረው ይቀራሉ፣ ምላስ ይታሰራል። ‹ዶንሬ› ላይ ሁለት ብቻ ናቸው። ይሄን ‹የሦስት ተነባቢዎች ሕግ› ብሎ የሰየመው ሞሪስ ግራሞን የተባለ ፈረንሳዊ የቋንቋ ሊቅ ነው። እንደ ሕግ ብዙ የሚያፈነግጥበት አለ፣ ለጀማሪ ግን ጥሩ ምርኩዝ ነው፦ ብትዋጥ ሦስት ተነባቢ የሚገጥም ከሆነ አትውጧት።

ያፈነገጠ ከሚመስለው አንዱን ላሳያችሁ። ‹ትሰጡ ነበር› (በሁኔታ ላይ የተመሠረተው) ዶ-ነ-ርዬ ነው፣ ሦስት ቀለም። ‹ዶንሬ› ላይ የተዋጠችው ‹ነ› ተመለሰች። ‹ር› ብቻዋን ሳትሆን ‹ርይ› ሆና ስለመጣች ነው፣ ‹ን-ር-ይ› ሦስት ይሆናሉ። ደረቅ ምሳሌ ይመስላል፣ ግን በትሕትና አንድ ነገር ስትለምኑ የምትጠቀሙት ይሄንን ቅርጽ ነው።

በንግግር ደግሞ ‹ዠ› ራሷ ትዋጣለች። ‹እኔ ነኝ› የሚለው ‹ዠ-ስዊ› (በሹል ኡ) በፈጣን ወሬ ‹ሽዊ› ብቻ ይሆናል፣ ‹አላውቅም› ደግሞ ‹ሼ-ፓ›። እንድትሉት አይደለም፣ ስትሰሙት እንዳትደነግጡ ነው።

ሌላም ዓይነት ‹ኢ› አለች፣ ጭራሽ ቀለም ልትሆን ያልመጣች። ‹እንበላለን› ማ~-ዦ~ ነው፣ ሁለት ቀለም። በጽሑፍ ከ‹ጂ› ቀጥላ አንድ ‹ኢ› ተሰክታለች። እሷ ባትኖር ‹ጂ› ከ‹ኦ› ፊት ‹ግ› ትሆንና ‹ማ~-ጎ~› ይመጣል። ‹ዥ› ላይ እንድትቆይ ነው የተሰካችው። ‹እንጀምራለን› (ኮ-ማ~-ሶ~) ላይ ‹ሲ› ሥር የምታዩዋት ጅራትም ይሄንኑ ሥራ ነው የምትሠራው።

በቃል የሚያዙ ሁለት ጉዶች ደግሞ አሉ፣ ሕግ አትፈልጉላቸው። ‹እናደርጋለን› በ‹ኤ-አይ› ይጻፋል፣ ግን ፈ-ዞ~ ነው የሚባለው፤ ‹ፌዞ~› አይደለም። ‹አደርግ ነበር› ፈ-ዜ። ‹ታደርጋላችሁ› ሲሆን ግን ፌት፣ አንድ ቀለም። ሌላው ‹አግኝቻለሁ፣ ነበረኝ› ለማለት የምንጠቀምበት የ‹አቯር› ቅርጽ ነው፦ ‹ኢ-ዩ› ተብሎ ይጻፋል፣ ድምፁ ሹል ኡ ብቻ ነው። ዤ-ኡ። ‹ኢ›ዋ የለችም።

ቀለም ከቀለም ሲጣበቅ

እስካሁን ግሱን ብቻውን አቁመን ነበር። ፈረንሳይኛ ግን ቃላትን ለያይቶ አይናገርም። የቀለም ቢላው የቃል ድንበር አያውቅም።

‹ይወዳል› ኢል እና ኤም ነው፣ ተያይዞ ግን ኢ-ሌም ይሆናል። ‹ል› ከፊቷ አናባቢ ስታገኝ ዘላ ትሄዳለች። ‹ይወዳሉ› ሲሆን ደግሞ ዝም ብላ የነበረችው ‹ኤስ› ትነቃና ‹ዝ› ትሆናለች፦ ኢል-ዜም። እነሆ፣ ‹ፓርል› ላይ አጥተነው የነበረው የእሱና የእነሱ ልዩነት እዚህ ተገኘ። ግሱ በአናባቢ ከጀመረ ያቺን ‹ዝ› አድምጡ።

በተለይ እዚህ አትሳቱ፦ ኢል-ዞ~ ማለት ‹አላቸው› ነው፣ ኢል-ሶ~ ማለት ‹ናቸው› ነው። ልዩነቱ ‹ዝ› እና ‹ስ› ብቻ። ‹ልጆች አላቸው› ለማለት ፈልጋችሁ ‹ልጆች ናቸው› ብትሉ ወሬው ሌላ ቦታ ይሄዳል። አማርኛ ሁለቱም ድምፅ ስላለው ለእኛ መለየቱ አይከብድም፤ አለማስተዋል ነው የሚያሳስተን።

ጥያቄ ስትጠይቁ ግሱ ቀድሞ ባለቤቱ ከኋላ ሊመጣ ይችላል። ‹ይወስዳል?› ፕራ~-ቲል ነው። መጨረሻው ላይ የተጻፈችው ‹ዲ› ነበረች፣ ስትጣበቅ ግን ‹ት› ሆና ትሰማለች። ‹ይናገራል?› ላይ የሚጣበቅ ተነባቢ ስለሌለ አንድ ‹ቲ› ከውጭ ተበድረው በጭረት መሃል ያስገባሉ፦ ፓር-ለ-ቲል። እዚህ ደግሞ ያቺ የጅራት ‹ኢ› ብዙ ጊዜ ትሰማለች፣ ባትሰማ ‹ር-ል-ት› ይደረደራሉና።

የምታጠብቁበት ቦታ

ቃል የገባሁት ይሄ ነው። ‹እሮጥ ነበር› ኩ-ሬ ነው፣ ‹እሮጣለሁ› (ነገ) ኩር-ሬ። የመጀመሪያው በአንድ ‹አር› ይጻፋል፣ ሁለተኛው በሁለት፣ እና እዚህ ሁለቱም ‹አር› ይሰማሉ። ‹መሞት› የሚለው ግስም እንዲሁ ነው። አማርኛ ‹አለ› ብሎ ሲያላላ ‹ተናገረ›፣ ሲያጠብቅ ‹ይገኛል› እንደሚሆነው፣ እዚህም መጥበቁ ጊዜውን ይቀይረዋል። ይሄ ለእኛ የተፈጠረ ይመስላል።

ስለ ‹ይ› ደግሞ በአጭሩ፦ ‹ትናገሩ ነበር› ፓር-ልዬ ነው፣ ሁለት ቀለም። ፊቷ ላይ ግን እንደ ‹ብል› ወይም ‹ድር› ያለ ጥንድ ካለ ቦታ ይጠባትና አንድ ቀለም ትጨምራለች። ‹መርሳት› ኡ-ብሊ-ዬ ነው፣ ‹ትፈልጉ ነበር› ቩ-ድሪ-ዬ።

አንድ ዓረፍተ ነገር ቁጭ ብለን እንክፈል

‹ደውለናል፣ እነሱ ግን ዳቦ እየገዙ ነበር› እንበል። ፈረንሳይኛው ላይ ‹አለን፣ ጠርቶ፣ ግን፣ እነሱ፣ ይገዙ ነበር፣ ዳቦ› ዓይነት ቃላት ይደረደራሉ። በዓይን ‹መጥራት› ሦስት ቁራጭ ነው፣ ‹ይገዙ ነበር› ሦስት ቁራጭ ነው። በአፍ ሲሆን እንዲህ ይወጣል፦

ኑ-ዛ-ቮ~-ዛ-ፕሌ፣ ሜ-ኢል-ዛሽ-ቴ-ዱ-ፔ~ (‹ዱ› በሹል ኡ)።

ከመጀመሪያው እንነሳ። ‹ኑ› ላይ ያለችው ‹ኤስ› ነቅታ ‹ዛ› ሆነች። ‹ቮ~› ቀጥሎ ሁለተኛዋ ‹ዝ› እንደ ፍላጎታችሁ ናት፣ በወሬ ብዙዎች ‹ቮ~-አ-ፕሌ› ብለው ያልፋሉ። ‹ፕሌ› ላይ የመሃሏ ‹ኢ› ተዋጠች፣ ‹ፕ› እና ‹ል› ተጣብቀው አንድ ቀለም ሠሩ። ሁለተኛው ክፍል ላይ ‹ዛሽ› የተባለውን ቁራጭ እዩት፦ ‹ዝ› የመጣችው ከ‹እነሱ›፣ ‹አሽ› የመጣው ከግሱ ነው፤ ሁለት ቃል ባንድ ቀለም ውስጥ ተቀምጧል። ከዚያ ‹ቴ›፣ ያ አምስት ፊደል የፈጀ ጅራት፣ አንድ ሰፊ ‹ኤ›። ጫናው የሚያርፈው ደግሞ በየክፍሉ መጨረሻ ላይ ነው፣ ‹ፕሌ› እና ‹ፔ~› ላይ። ሌሎቹ እኩል እኩል ይራመዳሉ።

ሌላ ዓይነት ስትሰሙ

እዚህ የጻፍኩት በሰሜኑና በፓሪስ በኩል ያለውን አነጋገር ተከትሎ ነው። ማርሴይ ወይም ቱሉዝ የሄደ ሰው ‹ፓር-ለ› የሚል ይሰማል፣ ደቡቦች የጅራቷን ‹ኢ› ያሰሟታል። ዘፈንና ግጥም ላይም ትነሳለች፤ የድሮው የፈረንሳይ ግጥም በመስመር 12 ቀለም ሲቆጥር፣ በተነባቢ የሚጀምር ቃል ከተከተላት ያቺን ‹ኢ› እንደ ሙሉ ቀለም ይቆጥራታል። ስለዚህ አነባበብን ከዘፈን ብቻ የምትማሩ ከሆነ ግሱን ከሚነገረው በላይ ታስረዝሙታላችሁ። ሞንትሪያል ያላችሁ ደግሞ ሌላ ነገር ትሰማላችሁ፦ ‹ት› እና ‹ድ› ከ‹ኢ› ድምፅ (ከፊደሏ ሳይሆን) እና ከሹል ኡ ፊት ሲሆኑ ‹ትስ› እና ‹ድዝ› ይሆናሉ። ‹መሄድ› ‹ፓር-ትሲር› ይሆናል። ቀለሙ ግን ያው ሁለት ነው።

መለማመጃ ከፈለጋችሁ የፈረንሳይ ዓለም አቀፍ ሬዲዮ፣ አርኤፍአይ፣ ለተማሪዎች በቀላል ፈረንሳይኛ የሚያቀርበው አጭር ዜና አለ፣ ጽሑፉም አብሮ ይወጣል። ጽሑፉን አትሙት። ድምፁን ከመክፈታችሁ በፊት በእርሳስ ግሶቹን ብቻ አክብቡ። ከዚያ የማይሰማ ጅራት በመሰላችሁ ላይ መስመር አስምሩ፣ የምትዋጠዋን የመሃል ‹ኢ› ሰርዙ፣ የሚጣበቁትን ቃላት በቅስት አያይዙ። አሁን ክፈቱትና አዳምጡ። የሰረዛችሁት ከተሰማ፣ ወይም ያልሰረዛችሁት ከተዋጠ፣ ያንን ቦታ በሌላ ቀለም እርሳስ አክብቡ። ከፊትና ከኋላው ያሉትን ተነባቢዎችም ቁጠሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ እዚያው ተቀምጦ ታገኙታላችሁ።